ላሜራው ሳይለብስ

አዳማ ተወልዶ ላደገ ሰው "ቅጥቅጥ" ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ለመጣችሁ የዲፓርትመንታችን ልጆች ግን ላስረዳ። ቅጥቅጥ ማለት በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ፣ እዚሁ አገር ውስጥ በመዶሻ ተቀጥቅጦና በብየዳ ተገጣጥሞ የሰው መጫኛ ቦዲ የተሠራለት መለስተኛ አውቶቡስ ነው። ሞተሩና ሻንሲው ከጃፓኑ ኩባንያ፣ ቀሪው ከሠፈር። ሕዝባችን ለመኪና ስም ማውጣት ይችልበታል። ከኋላው ካቢን ተሠርቶለት ሰው ፊት ለፊት እየተያየ የሚጓዝበትን ፒክአፕ "ውይይት" አለው። ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር"፣ የጭነቱን አይሱዙ ደግሞ "አልቃይዳ" አለው። ከነዚህ ሁሉ ትሁቱ ስም ቅጥቅጥ ነው፤ እንዴት እንደተሠራ እንጂ ስንት ሰው እንደገደለ አይናገርም።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ለአንድ ቅጥቅጥ ቦዲ የሚሠራ ጋራዥ ፍለጋ ከአጎቴ ጋር ስዞር ከረምኩ። መኪናዋ የእሱ ናት። ከአዳማ መቂ፣ ከመቂ ዝዋይ (ባቱ) እየተመላለሰች ሦስት ቤት ታስተዳድራለች። አንዱ የሱ፣ ሁለተኛው የአያቴ፣ ሦስተኛው እዚህ ግቢ አጠገብ የተከራየሁት የኔ ክፍል ነው። ሞተሯ ደህና ነው። ቦዲዋ ግን አልቋል። ወለሉ ተበልቶ አስፋልቱ ከታች ይታያል፤ ክረምት ላይ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ተሳፋሪ ጃንጥላውን ሳያጥፍ ይጓዛል ብላችሁ የማጋንን ይመስላችኋል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ለምን ሌላ አይገዛም? እኔም ጠይቄዋለሁ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል። አዲሱ ደግሞ በኛ አቅም የሚታሰብ አይደለም። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ሲሰማ ደግሞ፣ ክልከላው አውቶሞቢል ላይ ቢሆንም፣ በእጅ ያለ አሮጌ ነገር ሁሉ ድንገት ከበረ። ስለዚህ ሰው ያለውን ያሠራል። አጎቴም የዕቁቡን ዕጣ አውጥቶ "አሠራታለሁ" አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ "አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ መጠየቅ የተማርሽው ለዚህ ጊዜ ካልሆነ ለመቼ ነው?" አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር። በነጋታው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ ሲጠራኝ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

አዳማ ጋራዥ ቸግሯት አያውቅም። ከተማዋ ራሷ የመንገድ ልጅ ናት። መጀመሪያ ባቡሩ አለፈባት፣ ቀጥሎ የጅቡቲው መስመር፣ የአሰላና የባሌው፣ የሐረሩ። 2007 ዓ.ም. ላይ የፍጥነት መንገዱ ተጨመረ። መኪና ባለበት ደግሞ የሚበላሽ መኪና አለ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ቆይቶ ቢወጣም ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ፓራውርቲ፣ ኮፈን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ስቱኮ... አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቁ የሚያወሩ ልጆች ዕቃ ሲጠያየቁ ሳያውቁት ሮም ይገባሉ። ላሜራ ቀጥቅጦ ቅርጽ የሚያወጣው ባለሙያ "ባቲላሜራ" ይባላል። እኛ የምንፈልገው እንግዲህ ጥሩ ባቲላሜራና ጥሩ በያጅ ያለበትን ቤት ነበር።

የመጀመሪያው ጋራዥ ዋናው መንገድ ዳር ነው። ስሙን አልጠራም። ከፊቱ ሦስት ያለቀላቸው ቅጥቅጦች ተደርድረዋል፤ ቀለማቸው እንደ ከረሜላ ያብረቀርቃል፤ ጣሪያቸው ዙሪያ ትንንሽ መብራት ተደርጎላቸዋል፤ ወንበራቸው በቀይና በጥቁር ቆዳ ተለብጧል። ባለቤቱ ቡና አስመጣልን። ስልኩን አውጥቶ የሠራቸውን መኪኖች ፎቶ እየገላለጠ አሳየን። ሁሉም ያለቀላቸው ናቸው። "ያላለቀ አለዎት? እየተሠራ ያለውን ብናየው?" ብዬ ጠየቅሁ። "ከኋላ ነው፤ ልብስሽ ይቆሽሻል እህቴ" አለኝ። የለበስኩት ጂንስና አሮጌ ሹራብ ነበር።

እዚያ ቤት ነው አጎቴ የተፈተነው። ሰውዬው ሻንሲውን ከኋላ በኩል ቀጥሎ አንድ ረድፍ ወንበር ሊጨምርልን እንደሚችል ነገረን። አንድ ረድፍ ማለት አራት አምስት ሰው ነው። በአንድ ጉዞ አራት አምስት ሰው፣ በቀን ስንት ምልልስ፣ በወር... አጎቴ በልቡ ሲደምር በዓይኑ ይታወቅበት ነበር። አልፈርድበትም። የዕቁብ ብር ላወጣ ሰው ከዚህ የበለጠ ጣፋጭ ወሬ የለም።

ማታ ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። የመኪና ኩባንያዎች ሻንሲ ላይ ቦዲ ለሚሠሩ ሰዎች መመሪያ ያወጣሉ፤ አይሱዙም አለው። ሐሳቡ ለኔ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዋም የሚገባ ነው። በሻንሲው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ላይ አትበይድ፣ አትብሳ። ዋናውን ጫና የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና ብረቱ በብየዳ እሳት ሲነካ እዚያው አጠገብ ይሰነጠቃል። ከኋላ ጎማ ጀርባ የሚንጠለጠል ክብደት ሲበዛ ደግሞ የፊቱ ጎማ ይቀልላል፤ የፊቱ ጎማ ሲቀል መሪው መታዘዝ ይተዋል። ይህን ለአጎቴ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "መሪው ሲቀልል አውቀዋለሁ" አለ። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ ሽንኩርት ከኋላ ተከምሮባት ያውቃል። ከዚያ በኋላ ስለ ተጨማሪዋ ረድፍ አላነሳም። ግን ልቡ እዚያ እንደቀረ አውቅ ነበር።

ስለ ቦዲው አጥንትም አነበብኩ። አውቶቡስ ሲገለበጥ ሰው የሚተርፈው ወይም የሚያልቀው በጣሪያው ነው። ወለሉ ላይ ያለው አግዳሚ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ቋሚዎችና ጣሪያው ላይ ያለው ቅስት ተያይዘው አንድ ሙሉ ቀለበት ከሆኑ መኪናው ሲዞር ቀለበቶቹ ይይዛሉ። ቋሚው ከመስኮቱ ሥር ተቆርጦ ከላይ ሌላ ብረት የተቀጠለበት ከሆነ ግን ጣሪያው እንደ ክዳን ይወርዳል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 66 የሚባል የትልልቅ አውቶቡሶች መመዘኛ አለ። አውቶቡሱን 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው መድረክ ላይ በጎኑ ይገለብጡትና ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ቦታ ውስጥ ብረት ገባ አልገባ ብለው ያያሉ። እኛ ሠፈር ማን ገልብጦ ያይልሃል! የኛ መኪና የምትፈተነው መንገድ ላይ ነው፤ ሰው ጭና።

ዓመታዊ ምርመራ አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ ቦሎ ለመለጠፍ ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ ጎማ ይታያል። ላሜራውን ገፎ አጥንቱን የሚያይ ግን የለም፤ ሊኖርም አይችልም። እንግዲህ የመኪናዋ አጥንት በሕይወት ዘመኗ ለሰው ዓይን የሚጋለጠው ጋራዥ ውስጥ በምትቆይባቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው ማለት ነው። ላሜራው ከለበሰ፣ ስቱኮ ከተቀባ፣ ቀለም ከተረጨ በኋላ ሌባውም ባለሙያውም አንድ ይመስላሉ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፊሊፒንስ ውስጥ ጂፕኒ የሚባል የሕዝብ መኪና አለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ትተዋቸው በሄዱት ጂፖች የተጀመረ፣ የነሱ ቅጥቅጥ በሉት። ሳራዎ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተ ዝነኛ ሠሪ አላቸው፤ ስሙ መኪናው ላይ ይጻፋል። የኛ ቅጥቅጥ ላይ የኳስ ተጫዋች ስም አለ፣ የመላእክት ሥዕል አለ፣ "ምቀኛ አታሳጣኝ" አለ፤ የሠራው ሰው ስም ግን የለም። ስለዚህ "ይቺን ማን ሠራት?" የሚለውን ለማወቅ ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ማንን?

መናኸሪያ ሄድኩ። በመጀመሪያ ባለንብረቶችን ጠየቅሁ፤ ባለንብረት ግን የራሱን መኪና አያማም፤ ነገ ሊሸጣት ይችላላ! ሾፌሮቹን ጠየቅሁ፤ ስለ ሞተርና ስለ ካምቢዮ ሰዓት ሙሉ አወሩልኝ። ቦዲውን የሚያውቀው ረዳቱ እንደሆነ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል እሱ ነው። ፖርቶ ባጋሊው ላይ ወጥቶ የሽንኩርት ጆንያ የሚያስር እሱ ነው። ማታ ወለሉን ሲጠርግ የት እንደበሰበሰ የሚያይ፣ ሲዘንብ "ውኃ ገባ!" ተብሎ የሚጮህበት፣ የማይዘጋ በር ይዞ ከአዳማ ሻሸመኔ ድረስ የሚቆም እሱ ነው። ማንም ደግሞ አስተያየት ጠይቆት አያውቅም። ስጠይቃቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አንዱ "ልታገባ ነው እንዴ መኪና የምታጠናው?" አለ። ከዚያ ግን ተሻሙልኝ ማለት ይቻላል።

ጥያቄዬ ሦስት ነበር። ይህ ቦዲ ስንት ዓመቱ ነው? የት የት ጋር ሄደ? ማን ሠራው? ሦስት ዓመት ያልሞላውን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩም፤ አዲስ ሲሆን ሁሉም ቆንጆ ነው። ስማቸው ለዓይን ከሚሞሉት ጋራዦች የወጡ ሁለት መኪኖች በሦስተኛ ዓመታቸው የበራቸው ቋሚ ተላቅቆ በሽቦ ታስሯል። አንድ የዝዋይ ልጅ እጄን ይዞ ወደ መኪናው ጎን ወሰደኝና በጣቱ አንኳኳ። "ስሚ፣ ይሄ ብረት ነው።" አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ደግሞ አንኳኳ፤ ድምፁ ደፈነ። "ይሄ ደግሞ ዱቄት ነው።" ስቱኮ ማለቱ ነው። ቀዳዳውን በላሜራ ከመተካት ይልቅ በስቱኮ ሞልተው ቀለም ቀብተውታል። ከተበላሸ ስፒከር ላይ የፈታውን ማግኔት ሰጠኝ። ብረት ላይ ሲጠጋ ጥብቅ ይላል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ግን ይወድቃል። ያቺን ማግኔት እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣታለሁ፤ ደላሎች አይወዷትም።

ከመናኸሪያ ስመለስ ደጋግመው የተጠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው እዚሁ ቦኩ በኩል የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሄድን። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀምሯል፤ ልጆቻቸው ሙያውን አልወረሱም። "ልጄ፣ እኔ አሁን ጋሪ ነው የምሠራው" አሉን። እውነትም ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የመኪና ጎማ የተገጠመለት የፈረስ ጋሪ ቆሟል፤ ብየዳው እንደ ጥልፍ ነው። ሻይ ጠጥተን፣ ተመርቀን ወጣን። ሁለተኛው ሞጆ ነው።

የሞጆው ጋራዥ ታፔላ የለውም። ግቢው ጭቃ ነው። ባለቤቱ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቡና አላስመጣልንም፣ ወንበርም አላቀረበልንም። ነገር ግን በሩ ክፍት ነበር፤ ገባን። መሐል ላይ ላሜራ ያልለበሰ ቅጥቅጥ ቆሟል፤ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሥጋው ተበልቶ እንደተጣለ የዓሣ አጽም። ቀለበቶቹ ይታያሉ። ቋሚዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ አንድ ወጥ ናቸው። ቦዲው ሻንሲው ላይ የተያዘው በብየዳ ሳይሆን እንደ ፈረስ ጫማ በታጠፉ ቡሎኖች ነው። ላሜራ የሚሸፍነው የውስጠኛው ብረት ሁሉ አንቲረስት ተቀብቷል፤ ማንም የማያየው ቦታ!

አጎቴ አንድ ረድፍ የመጨመርን ነገር አነሳ። ልቡ እዚያ ቀርቷል ብዬ የለ?

"ጋሼ፣ ሊብሬዎ ላይ ስንት ወንበር ነው ያለው?" አለ ሰውዬው።

አጎቴ ነገረው።

"እሱን ነው የምሠራው።"

"ሌላ ቦታ እንጨምርልሃለን ብለውኛል እኮ።"

"እነሱ ጋ ይሂዱ ጋሼ። አልቀየምም።"

በቃ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ወደ ብየዳው ተመለሰ። አጎቴ ተናዶ ወጣ፤ "ገንዘብ ይዘህ መጥተህ የሚያባርርህ ሰው" እያለ እስከ አዳማ ድረስ አጉረመረመ። እኔ ፈርቼ ነበር። የሰውዬው ዋጋ ከመንገድ ዳሩ ጋራዥ ይበልጣል፤ ቀኑም ይረዝማል፤ ሦስት ወር ብሏል። መኪናዋ በቆመችበት እያንዳንዱ ሳምንት ሦስቱ ቤቶች ምንም አይገባቸውም። የሞጆው ሰው የወንበር ልባስ ሥራው ደግሞ እውነቱን ለመናገር ያስጠላል፤ ያንን ለብቻው ሌላ ታፒሴሪ ዘንድ ማሠራት ነበረብን።

አጎቴን ያስወሰነው ክርክሬ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የጎረቤታችን ነገር ነው። ሰውዬው ለአንድ ጋራዥ ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ ከፍሎ መኪናው ጣሪያ ሳይኖረው አንድ ሙሉ ክረምት ዝናብ ሲዘንብበት ከርሟል፤ ባለጋራዡ በብሩ የሌላ ሰው መኪና ይጨርስበታል። የመንገድ ዳሩ ሰው አብዛኛውን ቀድሞ ጠየቀን፤ የሞጆው ለብረት መግዣ ብቻ። ተደራደርንና ወረቀት ላይ አሰፈርን። ሁለተኛው ክፍያ አጥንቱ ሲቆም፣ ሦስተኛው ላሜራው ሲለብስ፣ የመጨረሻው ከቀለም በኋላ መኪናዋ ተነድታ ከታየች በኋላ። አጎቴ በፈለገው ቀን ሳይደውል ሊመጣ ይችላል። ላሜራው ከመልበሱ በፊት እኔ ፎቶ አነሳለሁ። ይቺን የመጨረሻዋን ሰውዬው ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈገግ አለ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐምሌና ነሐሴን በየሳምንቱ ሞጆ ተመላለስኩ። አርባ ሦስት ፎቶ አለኝ። አንድ ቀን አንድ ተለማማጅ የበየደውን የግራ ቋሚ ሰውዬው በመዶሻ ጎን መታ መታ አደረገው፤ ምንም አላለም፤ ግራይንደር አንስቶ ቆረጠውና ለልጁ መልሶ ሰጠው። ያንንም አንስቻለሁ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ጉንዳን የፈሰሰበት የሚመስል ብየዳ።

ሦስት ወር የተባለው አራት ወር ሆነ። እኔ ወደ ትምህርት ተመለስኩ፤ የኪስ ገንዘቤ ግማሽ ሆነ፤ የመስከረምን ኪራይ ከክፍል ጓደኛዬ ተበደርኩ። ኅዳር ላይ መኪናዋ ወጣች። ነጭና ሰማያዊ ናት፤ ጣሪያዋ ላይ የሚያብረቀርቅ መብራት የላትም። ፖርቶ ባጋሊዋም ከድሮው አጥሯል፤ ሰውዬው "ከላይ ሲከብድ ይገለብጣል" ብሎ አሳጥሮታል። ረዳታችን በዚህ እስከ ዛሬ አልታረቀም። መቂ ላይ የሽንኩርት ነጋዴዎች ቀና ብለው ጣሪያውን ያዩና ጆንያቸውን ተሸክመው ወደ ቀጣዩ መኪና ይሄዳሉ። አጎቴ የቀረበትን እየቆጠረ ደብተር ላይ ይጽፋል። ቁጥሩ ትንሽ አይደለም።

በቀደም የሞጆው ሰውዬ ደወለልኝ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ያላለቀ ሥራ ካላየሁ አላሠራም ብሎታል፤ ግቢው ውስጥ ያሉት መኪኖች ደግሞ ሁሉም ላሜራ ለብሰዋል። "እነዚያን ፎቶዎች በቴሌግራም ብትልኪልኝ" አለኝ። አርባ ሦስቱንም ላክሁለት፤ ያቺን የተቆረጠችውን ብየዳ ጭምር።